እጀታው መሪውን ይነካል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዝቷል። ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ ማለትም የሚይዘው በጎማው መሃል ያለውን ክብ ብረት ነው፤ የሚሠራው ግን በዘይት ሳይሆን በሽቦ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ግን እጀታውን እስከ መሪው ድረስ ጨብጬው እንኳ ሳይክሉ አይቆምልኝም። የኋላው ደግሞ ይጮሃል። ለሠራተኛ አሳየሁት። ሽቦውን ወጠረልኝ፣ ዲስኩ ላይ የሚነፋ ዘይት ነፋበት። ጩኸቱ ጠፋ፣ ፍሬኑ ግን ጭራሽ ሞተ። አሁን ‹የሽቦ ፍሬን ድሮም አይረባም፣ በዘይት የሚሠራውን ግዛ› ይለኛል። እውነቱን ነው?»

አይደለም። በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ፍሬን በደንብ ከተገጠመ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ያወርድሃል። አንተ ጋ ያለው ችግር ፍሬኑ ደካማ መሆኑ አይመስለኝም። በጣትህ የሰጠኸው ጉልበት ዲስኩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ሽቦ ላይ ይቀራል፣ ሽቦው በሚያልፍበት ቱቦ ላይ ይቀራል፣ ዲስኩን ጨብጦ በሚያቆመው ሸራና በዲስኩ መካከል ባለው ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ፍሬን ከመግዛትህ በፊት ጉልበቱ የት የት እንደሚባክን እንፈልግ። አብዛኛውን ነገር ቤትህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለህ ትሠራዋለህ።

እስከዚያው ግን አደራ፣ ዘይት በነካው ዲስክ ቁልቁለት እንዳትወርድ። ከተማ ውስጥም ቀስ በል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ስህተቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። እጀታውን ስትጨብጥ ሽቦው ይሳባል። ሽቦው ካሊፐሩ ላይ፣ ማለትም ሸራዎቹን በያዘው አካል ላይ፣ ያለችውን ክንድ ያዞራታል። ክንዷ ስትዞር ከውስጥ ያሉት ትንንሽ ኳሶች ዘንበል ባለ ቦይ ላይ ይንከባለሉና ሸራውን ወደ ዲስኩ ይገፉታል። ልብ በል፣ በአብዛኛው የሽቦ ካሊፐር ላይ የሚገፋው አንዱ ሸራ ብቻ ነው፣ የውጭው። በጎማው በኩል ያለው ሸራ ንቅንቅ አይልም። የውጭው ሸራ ዲስኩን ገፍቶ በትንሹ ያጎብጠዋል፣ ከዚያ ከማይንቀሳቀሰው ሸራ ጋር ያጣብቀዋል። ሁለቱም ሸራ የሚንቀሳቀስባቸው የሽቦ ካሊፐሮች አሉ፣ ቲአርፒ ስፓየር አንዱ ነው። በሰፊው የሚገኘው ግን ባለ አንድ ወገኑ ነው። ያንተም እሱ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የማይንቀሳቀሰው ሸራ ከዲስኩ ከራቀ ጉልበትህ የሚያልቀው ዲስኩን በማጉበጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሸራ ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ በራሱ አይጠብም። በዘይት የሚሠራው ፍሬን ሸራው ሲያልቅ ራሱን ያስተካክላል። የሽቦው አያስተካክልም፤ አንተ ካልነካኸው እንደሰፋ ይቀራል።

አሁን ምርመራ። አንድ ሰው ጥራ፣ የፊቱን እጀታ አጥብቆ ይያዝልህ፣ ይልቀቀው፣ ደግሞ ይያዘው። አንተ ጎንበስ ብለህ ተመልከት። ዲስኩ ወደ ጎን በግልጽ ይጎብጣል? እንግዲያው የማይንቀሳቀሰው ሸራ ሩቅ ነው። ቱቦው ይንጠራራል፣ ቅርጹን ይለውጣል? ጉልበትህን የሚበላው ቱቦው ነው። ካሊፐሩ ራሱ ይወዛወዛል? ብሎኖቹ ላልተዋል። ክንዷ ሄዳ ሄዳ ከካሊፐሩ አካል ጋር ትጋጫለች? ሽቦው ያለ ልክ ተወጥሯል ማለት ነው። ከዚያ እጀታውን ተወውና የካሊፐሯን ክንድ ራሷን በእጅህ ግፋት። እሷ ጋ ጠንከር ብሎ የሚይዝ፣ እጀታው ጋ ግን የሚልመዘመዝ ከሆነ፣ ካሊፐሩ ጤነኛ ነው፤ ሌባው ሽቦና ቱቦው ነው። ይህ ምርመራ ብዙ ብር ያድናል።

ሠራተኛው ሽቦውን ስለመወጠሩ ላንሳ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ለጊዜው ደግሞ ይሠራል። እጀታው ቶሎ ስለሚይዝ የተስተካከለ ይመስላል። ግን ክንዷ የምትዞርበት ልክ አላት። ሽቦው ገና ከመነሻዋ ጎትቶ ካቆማት፣ ከዚያ በኋላ የሚቀራት መዞሪያ ትንሽ ነው። ሸራው ትንሽ ሲያልቅ ክንዷ መጨረሻዋ ላይ ትደርስና ትቆማለች። የፈለግህበትን ያህል ብትጨብጥ ከዚያ አታልፍም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅህም፣ ምክንያቱም ከተማው ሜዳ ነው። የሚታወቅህ ጣርማበርን ስታልፍ ነው። ያንተም ጉዳይ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ከዜሮ እንጀምር። ሳይክሉን ገልብጠው። በሽቦ ፍሬን ይህ ችግር የለውም፤ በዘይቱ ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ ውስጥ ያለው አየር ቦታ እየቀየረ ሊያስቸግርህ ይችል ነበር። መጀመሪያ ጎማው በሳይክሉ አካል ላይ ባለው ማረፊያው ውስጥ በትክክል መግባቱን አረጋግጥ። ቸርኬው ጠመም ብሎ ከተቀመጠ የምታስተካክለው ሁሉ ከንቱ ነው። ፈጥኖ የሚፈታው ዓይነት መያዣ ካለው አጥብቀው፤ የመያዣው ክንድ ደግሞ ዲስኩ ባለበት በግራ በኩል ከሆነ ከዲስኩ ጋር በምንም መንገድ እንዳይገናኝ አድርግ። የፊት ዲስክ ፍሬን ሲይዝ ጎማውን ከማረፊያው ወደ ታች የመግፋት ጠባይ አለው። ይህን ቀለል አድርገህ አትየው።

ቀጥሎ ሽቦውን ከክንዷ ላይ ፍታው። ክንዷ በራሷ ስፕሪንግ እስከ መጨረሻዋ ወደኋላ መመለስ አለባት። ካልተመለሰች ውስጡ ቆሽሿል ወይም ዝጓል፣ መጀመሪያ እሱን አጽዳ። እጀታው ጋ ያለችውን የሽቦ ማስተካከያ እስከ መጨረሻ ወደ ውስጥ አስገባት፣ ከዚያ አንድ ሁለት ዙር ብቻ መልሰህ አውጣት። ካሊፐሩ ላይም ተመሳሳይ ካለ እንዲሁ አድርግ።

አሁን ዋናው ነገር። በጎማው በኩል የማይንቀሳቀሰውን ሸራ የሚያስጠጋና የሚያርቅ ማዞሪያ አለ። አንዳንዱ ላይ በእጅ የሚዞር ነው። አንዳንዱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆነው በአለን ቁልፍ ነው፣ በጎማው ሽቦዎች መካከል ቁልፉን አሾልከህ ታዞረዋለህ። እሱን ወደ ዲስኩ አስጠጋው። ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በትንሹ አላላቸው፣ ካሊፐሩ ወዲያ ወዲህ እንዲል ያህል። ከማይንቀሳቀሰው ሸራና ከዲስኩ መካከል አንድ ወፈር ያለ ወረቀት አስገባ፣ የቆየ የሞባይል ካርድ ወረቀትም ይሆናል። ከዚያ ክንዷን በእጅህ ገፍተህ ያዛት። ዲስኩ፣ ወረቀቱና ሁለቱ ሸራዎች ይጣበቃሉ። እንደያዝክ ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግህ አጥብቅ። አንዱን ብቻ በአንድ ጊዜ ካጠበቅኸው ካሊፐሩ ይዞራል። ወረቀቱን አውጣ፣ ጎማውን አሽከርክር። ሽው የሚል ድምፅ ካለ የማይንቀሳቀሰውን ሸራ በጥቂቱ አርቀው። ከሌለ ሊነካ እስኪል ድረስ አስጠጋው። ክፍተቱ የማይታይህ ከሆነ ከታች ነጭ ወረቀት አንጥፈህ ከላይ ተመልከት፤ ብርሃኑ ይለይልሃል።

ዩቲዩብ ላይ «እጀታውን ጨብጠህ ብሎኑን አጥብቅ» የሚለውን ታገኛለህ። እሱ ለዘይት ፍሬን ነው፣ ሁለቱም ሸራ እኩል ስለሚመጣ ዲስኩ መሃል ላይ ይቀመጣል። ባለ አንድ ወገን የሽቦ ፍሬን ላይ ወረቀቱን ሳታስገባ ያንኑ ካደረግህ የማይንቀሳቀሰው ሸራ ዲስኩን እንደነካ ካሊፐሩን ታስረዋለህ። ለኛ ዲስኩ መሃል ላይ መሆን የለበትም። ወደ ማይንቀሳቀሰው ሸራ የተጠጋ ነው መሆን ያለበት።

አሁን ሽቦውን መልሰህ እሰር። በእጅህ ቀጥ እስኪል ሳበው፣ ክንዷን ግን ከመነሻዋ አታንቅሳት። ካሰርክ በኋላ እጀታውን በሙሉ ጉልበትህ ደጋግመህ ጨብጠው። ሽቦው ከቱቦው ጫፍ ጋር ይቀመጣል፣ ትንሽም ይላላል። ፈትተህ እንደገና እሰረው። ከዚህ በኋላ ሸራ ባለቀ ቁጥር መጀመሪያ የምትነካው የማይንቀሳቀሰውን ሸራ ማዞሪያ ነው። አቪድ ቢቢ7ን የመሰሉ ካሊፐሮች በሁለቱም በኩል ማዞሪያ አላቸው፤ እነሱ ላይ ሽቦውን ፈጽሞ መንካት አያስፈልግህም። የአንተ በአንድ በኩል ብቻ ካለው፣ ለውጭው ሸራ የሽቦ ማስተካከያዋን በልክ ትጠቀማለህ። በልክ።

ወደ ቱቦው እንምጣ። እኔን ከጠየቅኸኝ የሽቦ ዲስክ ፍሬን ስሙ የጠፋው በዚህ ቱቦ ምክንያት ነው። ተራው የፍሬን ቱቦ ከውስጥ የተጠመጠመ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው፣ ልክ እንደ ስፕሪንግ። ሽቦው ሲሳብ ቱቦው ይጨመቃል። በጣትህ የሰጠኸው ጉልበት ከፊሉ ዲስኩን ከመያዝ ይልቅ ቱቦውን ያሳጥራል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ይህ ይብሳል፣ ለዚህም ነው የኋላው ፍሬን ሁልጊዜ ከፊቱ ይልቅ የሚለሰልሰው። የኋላው እንደ ፊቱ ጠንካራ ካልሆነ አትደንግጥ።

መድኃኒቱ የማይጨመቅ የፍሬን ቱቦ የሚባለው ነው። የውስጡ ሽቦዎች እንደ ጥምዝምዝ ሳይሆን በቁመት የተደረደሩ ናቸው፣ ከላያቸው ደግሞ በጠንካራ ጥልፍልፍ ታስረዋል። ጃግዋየር ከሚያመርቱት አንዱ ነው። ሳይክሉ ላይ ሌላ ምንም ሳትነካ ይህን ብቻ ብትቀይር እጅህ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈልገህ ካጣኸው አዲስ አበባ ሞክር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ደግሞ ሽቶና ጫማ ከምታስመጣ ይህን አስመጣ። ክብደት የለውም፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ጥግ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የማርሽ ቱቦም የውስጡ ሽቦ በቁመት የተደረደረ ነው። መልኩ ይመሳሰላል፣ በቀላሉም ይገኛል። አንዳንድ ሰው «አይጨመቅም» ብሎ ለፍሬን ይገጥመዋል። እንዳታደርገው። የማርሽ ቱቦ ያ ማሰሪያ ጥልፍልፍ የለውም፣ በፍሬን ጉልበት ድንገት ሊፈነዳ ይችላል። የሚፈነዳው ደግሞ በጣም አጥብቀህ በያዝክበት ሰዓት ነው።

የማይጨመቀውን እስክታገኝ ባለህ ቱቦ ብዙ መሥራት ይቻላል። ትርፍ ርዝመቱን ቁረጥ፣ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር እንዳይወጠር ያህል ብቻ አስቀርለት። መታጠፊያዎቹን ሰፋ አድርግ። ስትቆርጥ በደነዘዘ ፒንሳ ከቆረጥኸው ጫፉ ይጨፈለቃል፤ ስለታም መቁረጫ ተዋስ፣ ከዚያ ጫፉን በሞረድ ቀጥ አድርግና የውስጡን ላስቲክ በመርፌ ክፈተው። የብረት ቆቡን አትርሳ። ቆብ የሌለው ጫፍ በእያንዳንዱ ጭበጣ ትንሽ ትንሽ ይገባል፣ አንተ ደግሞ ሽቦው ላላ ብለህ ትወጥራለህ። የዛገ ወይም ክሩ የተበጠሰ ሽቦ ጣለው፣ አዲስ ግዛ። የሞተር ሳይክል ሽቦ ልጠቀም ካልክ ጭንቅላቱ እጀታው ውስጥ ካለው መቀመጫ ጋር ካልገጠመ ተወው፤ ሊነቀል ይችላል።

በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ግራሶ አትሙላ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ግራሶ ይጠጥራል፣ እጀታው ቀርፋፋ ይሆናል፣ ክንዷም ቶሎ አትመለስም። ቀጠን ያለ ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። እሱንም ዲስኩ ካለበት ራቅ ብለህ።

የእጀታውን ዓይነትም ተመልከት፣ በተለይ ያገለገለ ሳይክል ስለሆነ። እጀታዎች ሽቦ የሚስቡበት ልክ ይለያያል። ቀጥ ላለ መሪ የሚሠሩት ብዙ ሽቦ የሚስቡ ናቸው፣ የእሽቅድምድም ሳይክል እጀታዎች ደግሞ ትንሽ ይስባሉ። ካሊፐሩም እንዲሁ ለአንዱ ወይም ለሌላው የተሠራ ነው። ትንሽ የሚስብ እጀታ ብዙ ከሚፈልግ ካሊፐር ጋር ከተጋባ እጀታው መሪው ጋ ይደርሳል፣ ፍሬኑ ግን ገና መያዝ መጀመሩ ነው። በተቃራኒው ከሆነ እጀታው ድንጋይ ይመስላል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። ያንተ ምልክት የመጀመሪያውን ይመስላል። የቀድሞው ባለቤት የሆነ ነገር ቀያይሮ ሊሆን ይችላል። እጀታዎቹ ከሳይክሉ ጋር አብረው የመጡ ካልመሰሉህ ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርተህ ካልተሻለው እዚህ ላይ ጠርጥር።

አሁን ወደ ዘይቱ። የሚነፋው ነገር ዝገት ለማላቀቅ ጥሩ ነው፣ ካቴና ላይም ቆሻሻ ያነሳል። ዲስክ ላይ ግን መርዝ ነው። ጩኸቱ የጠፋው ተጠግኖ አይደለም፣ ሸራው ዲስኩን መያዝ ስላቆመ ነው።

ዲስኩ ይድናል። ከፋርማሲ የቁስል አልኮል ግዛ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ እያደረግህ ጨርቁ ቆሻሻ ማውጣት እስኪያቆም ድረስ ሁለቱንም ገጽ ጥረግ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ቅባት ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ተዋቸው። የእጅ ሳኒታይዘርም አይሆንም፣ ለቆዳ የሚሆን ማለስለሻ አለበት። አረቄስ እንዳትለኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ እሱ ከፋርማሲው ይቀርብህ ይሆናል፣ ግን ለእንግዳ ይቅር።

ሸራው ግን እንደ ዕድሉ ነው። አውጣው። ገጹ የሚያብረቀርቅ ብቻ ከሆነ መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግተህ ቀስ ብለህ ፈትገው፣ ደብዘዝ ያለ ወጥ ገጽ እስኪይዝ። ዘይት ወደ ውስጥ ከጠጣ ግን መፈተግ አያድነውም። ስትፈትገው ንጹሕ ይመስላል፣ ሲሞቅ ዘይቱ ከውስጥ ይወጣል፣ ዲስኩንም መልሶ ያበላሻል። በእሳት ጠብሰው የሚያደርቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም፤ ሸራውን ከብረቱ ጋር ያያያዘው ማጣበቂያ ሊለቅ ይችላል፣ ውጤቱም አስተማማኝ አይደለም። ይልቅ አዲስ ሸራ ግዛ። ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ብር ካለህ ለፊቱ ይሁን። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደፊት ስለሚሄድ አብዛኛው የማቆም ሥራ የፊቱ ነው።

ሸራ ስትገዛ የድሮውን ይዘህ ሂድ፣ ቅርጹ በጣም ብዙ ዓይነት ነው። ለስላሳውና የብረት ቅንጣት የበዛበት የሚባሉ አሉ። የብረቱ በጭቃና በሙቀት ይቆያል። ለስላሳው ቀዝቅዞም ቢሆን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ርካሽ የሽቦ ካሊፐር ላይ ለስላሳውን ነው የምመርጠው፤ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ የሚይዝ ነገር ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ብዙ የምትነዳ ከሆነ ከፊል ብረት ያለውን ሞክር። አንዳንድ ዲስክ ላይ ለለስላሳ ሸራ ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ አለ፣ ሳትገዛ በፊት አንብበው። የሸራው ውፍረት ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ከወረደ ጊዜው አልቋል። ሺማኖ ዲስኩ ራሱ 1.5 ሚሊሜትር ሲደርስ ይቀየር ይላል፣ አዲሱ 1.8 ነው።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ ወዲያው ቁልቁለት አይኬድም። መሟሸት አለበት። ሜዳ መንገድ ፈልግ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ አይጠፋም። ፈጠን ብለህ ንዳ፣ ከዚያ አንዱን ፍሬን ብቻ ያዝና የሰው እርምጃ ያህል እስክትቀዘቅዝ ድረስ ዝቅ አድርግ። ጎማው አይታሰር፣ ሙሉ በሙሉም አትቁም። ልቀቅ፣ ደግመህ ፍጠን። ለአንዱ ፍሬን ሃያ ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ለሌላው። የሸራው ቅንጣት በዲስኩ ላይ በስሱ ይቀባል፣ ፍሬኑ የሚይዘውም በዚያ ሽፋን ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አይዝም፣ እየቆየ እየጠነከረ ሲመጣ በጣትህ ታውቀዋለህ። «አዲስ ሸራ ገዛሁ፣ ከድሮው ባሰብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን የዘለለ ነው።

ዲስክህ ከተጣመመ ደግሞ ሸራውን ማስጠጋት አትችልም፣ በየዙሩ ይነካካል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የአውቶብስ ጣሪያ ነው። ረዳቱ ሳይክሉን ወርውሮ በግራ ጎኑ ያስተኛዋል፣ ከላይ ጆንያ ይጭንበታል። ዲስኩ ያለው በግራ ነው፣ የማርሹ መቀየሪያ በቀኝ፤ በየትኛውም ጎን ቢተኛ አንዱ ይጎዳል። ከቻልክ ራስህ ጣሪያ ላይ ወጥተህ ቀጥ አድርገህ እሰረው። ጎማዎቹን ፈትተህ የምትጭን ከሆነ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ማስገባት አትርሳ። የተጣመመን ዲስክ ንጹሕ ጨርቅ በያዘ እጅ ቀስ ብሎ ማቅናት ይቻላል። ካሊፐሩን እንደ መለኪያ ተጠቀም፣ የሚነካበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርግ፣ ጥቂት ጥቂት ግፋ።

ትልቅ ዲስክስ? ከ160 ወደ 180 ሚሊሜትር ብትሄድ በተመሳሳይ ጭበጣ የማቆም ጉልበቱ በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሙቀትም ይችላል። ግን ካሊፐሩን ለትልቁ ዲስክ ልክ የሚያደርግ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል፣ የፊቱን ጎማ የያዘው ፎርኬላም ምን ያህል እንደሚችል ማወቅ አለብህ። ላንተ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።

ስለ መንገዱም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የምትወርደው መንገድ ቀልድ አይደለም። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም። አንተና ሳይክልህ 90 ኪሎ ብትሆኑ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ወደ 880 ኪሎጁል የሚሆን ጉልበት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ይህ ከሁለት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ንፋሱ ይወስድልሃል፣ ቀሪው ዲስኩ ላይ ሙቀት ይሆናል። እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ንፋሱም እንደ ቆላው አይዝህም። ሳይክሉ ከጠበቅኸው በላይ ይፈጥናል።

ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ትንሽ ትንሽ ይዘህ አትውረድ። ዲስኩ የሚተነፍስበት ጊዜ ያጣል። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ደረትህን ቀና አድርገህ ንፋስ ያዝ፣ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርገህ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ከዚያ ልቀቅ። መታጠፊያው ውስጥ ገብተህ አትያዝ። ሸራው መሽተት ከጀመረ፣ ወይም እጀታው እንደወትሮው ሆኖ መያዙ ከቀነሰ፣ ቁምና ይቀዝቅዝ። ዲስኩን በእጅህ አትንካው፣ ውሃም አትድፋበት፣ ሊጣመም ይችላል። የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ሲኖትራክ ከኋላህ ይመጣል፤ የኋላ መብራት ሳይኖርህ አትግባ። በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ዲስኩ እርጥብ ስለሆነ የመጀመሪያዋ ጭበጣ አትይዝም፤ ከመታጠፊያው ቀደም ብለህ አንዴ ነካ አድርገህ አድርቀው። እርጥብ ሆኖ ቢጮህ ግድ የለም፣ ሲደርቅ ይተዋል።

በጭቃ ረጅም ቁልቁለት ከወረድክ ሸራው በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ደብረ ሲና ስትደርስ፣ ሻይህ እስኪመጣ፣ የማይንቀሳቀሰውን ሸራ ማዞሪያ ነካ አድርገው። የሚያስፈልግህ አለን ቁልፍ ኪስ ይገባል።

ወደ ዘይት ፍሬን መቀየርስ? በእጅ ስሜትና በጉልበት የዘይቱ ይበልጣል፣ ይህን አልክድም። ብር ተርፎህ፣ መለዋወጫውንም ማግኘት ከቻልክ ግዛው። ግን አንዳንዱ ማዕድን ዘይት፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ መኪና ዶት የሚባለውን ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ቢቀላቀል ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ። አየር ከገባበት ማስወጫ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ላይ ቱቦው ቢበጠስ ማን ይሠራልሃል? የፍሬን ሽቦ ግን ትርፍ አንድ ጠቅልለህ ከመቀመጫው ሥር ታስራለህ። ለአንተ መንገድ እኔ ሽቦውን እመርጣለሁ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦ ዲስኩን በአልኮል አጽዳ፣ ሸራ ቀይር፣ የማይንቀሳቀሰውን ሸራ አስጠጋ፣ ቱቦውን አሳጥር፣ አሟሸው። ይህን ሁሉ አድርገህ እጀታው አሁንም መሪውን ከነካ፣ ካሊፐሩና እጀታው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሁለቱ የማይጋቡ ከሆነ ከጽሑፉ ይታወቃል፣ ያኔ መግዛት ያለብህ እጀታ ብቻ ነው።